የእትዬ አስካለ የበረዶ ዕጣ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከቅዳሴ በኋላ፣ ማስታወቂያ ሲነገር ነው። አንድ ሰውዬ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ደግ፣ ዝምተኛ፣ ከቤታቸው የማይወጡ እናታችን» እያለ አረዳን። ደግስ ነበሩ። ዝምተኛም ይሁኑለት። «ከቤታቸው የማይወጡ» የሚለው ላይ ግን ደሜ ፈላ። እኒህ ሴትዮ እኮ ስድሳን ተሻግረው፣ ሄልሜት አጥልቀው፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ መኪና ያስጋለቡ ሰው ናቸው። በሰውዬውም አልፈርድም፤ እሱ የሚያውቃቸው ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው። እኔ የማውቃቸውን እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል ብዬ ተቀመጥኩ።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። እኔ በቶሮንቶ ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ግቢ፣ ቢሮ ተቀምጬ በሬዲዮ ሾፌሮችን አሰማራ ነበር። እሳቸው ከሾፌሮቹ አንዷ ናቸው። ሌሎቹ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ያደነቁሩታል፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ልጁ አልመጣም፣ ማሞቂያው አልሠራም። የእትዬ አስካለ ድምፅ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። «ደርሻለሁ» ይላሉ፤ አለቀ።

አጭርና ቀጭን ናቸው። ሹሩባቸው ሁልጊዜ አዲስ የተሠራ ይመስላል። ከእጃቸው የማይለይ አንድ ፌስታል አለ፤ ውስጡ ሶሉ የሳሳ የሸራ ጫማ። አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ ያን ከባድ የዊንተር ቦት ያወልቁና ሸራውን ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «እግር መስማት አለበት ልጄ። በቦት የሚነዳ ሰው ጓንት አድርጎ እንደሚያቦካ ነው» አሉኝ። መንዳት ከየት እንደተማሩ ስጠይቅም «ከባሌ» ብለው ሞተሩን አስነሱ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ባለቤታቸው በአሰብ መንገድ የነዳጅ ቦቴ ይነዳ ነበር፤ እንቅልፍ ሲጥለው መሪውን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ይህን ሲያወሩ እንቁላል ቀቀልኩ እንደሚል ሰው ነው።

አንድ አባባል ነበራቸው። እኔ በሬዲዮ ስጣደፍ «አትቸኩዪ፣ ፍጠኚ» ይሉኛል። ልዩነቱ ምንድነው ብዬ ስከራከራቸው፣ የሚቸኩል ሰው ሐሳቡ ቀድሞት ደርሷል፣ መኪናው ውስጥ የለም አሉኝ። እኔ በተፈጥሮዬ ቸኳይም ፈሪም ነኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣ መገመት ነው።

አንድ ሚያዝያ፣ ተማሪዎችን የእርሻ ቦታ ለማስጎብኘት ከከተማ ወጥተው ነበር። ልጆቹ ላም ሲያዩ እሳቸው ከዛፎቹ ጀርባ የሞተር ድምፅ ይሰማሉ። ድምፁን ተከትለው በእግራቸው ሲሄዱ አንድ የሽቦ አጥር ጋ ደረሱ። ከአጥሩ ወዲያ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ነው። ማታ ወደ ቢሮዬ መጡና ሳይቀመጡ «ሮማን፣ ይኼ ነገር የሀብታም ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ለካስ እንደኔና እንዳንቺ ያሉ ሰዎች የራሳቸውን መኪና ይዘው ይመጣሉ። አንዷ መኪናዋ ውስጥ የሕፃን መቀመጫ ነበር። አውርዳ ሳሩ ላይ አስቀመጠችና ገባች። ስትዞር፣ ስትዞር… ሕልም ነው የሚመስለው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሴትዮዋ ልብ እዚህ አልነበረም። ሻይ ሲጠጡ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መታጠፊያ ይሠራል። እኔ በልቤ «ያልፍላቸዋል» እል ነበር።

አላለፈም። ያን በጋ ሙሉ ርካሽ መግቢያ ሲፈልጉ ከረሙ። መጀመሪያ በቤት ውስጥ የሚነዱትን ትንንሽ መኪኖች ሞከሩ። ሲመለሱ «ጉልበቴ ጆሮዬን ነካው» አሉኝ። «ልጆቹ ሁሉ ቀደሙኝ። መቅደማቸው አላናደደኝም፤ ሶሪ እያሉ ማለፋቸው ነው።» ቀጥሎ የአንድ ቀን የእሽቅድምድም ትምህርት ቤት ጠየቁ። ዋጋው የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትኬት ስለሆነ ስልኩን በትህትና ዘጉት።

ከዚያ ደረጀን አማከሩት። ደረጀ ኢስት ዮርክ ሰፈር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ የግማሹን ሀበሻ መኪና በሕይወት ያቆየው እሱ ነው። የራሳቸውን መኪና ይዘው ቢገቡስ ብለው ሲጠይቁት ሳቀ። «እትዬ፣ ትራክ ውስጥ ሲገቡ ኢንሹራንስዎ በሩ ላይ ነው የሚቀረው። ደግሞ መኪናው አይደለም ውዱ፣ ፍጥነቱ ነው። ጎማና ፍሬን ይበላል።»

«እሺ፣ ፍጥነቱን ብንቀንሰውስ?» አሉት።

ደረጀ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አሰበ። ቀስ ብሎ የሚነዳበትም አለ አላቸው። በበጋ ባዶ ፓርኪንግ ሎት ላይ ብርቱካንማ ኮኖች ተደርድረው በመሃል በመሃላቸው አንድ በአንድ፣ ሰዓት እየተያዘ ይነዳል። በዊንተር ደግሞ ሐይቅ ሲረጋ በረዶው ላይ እንደዚያው ይደረጋል። በረዶ ጎማ አይጨርስም፣ ፍሬንም ብዙ አይነካም፤ ማንኛውም አሮጌ መኪና ይበቃል። እትዬ አስካለ «በረዶ» የምትለዋን ቃል ሰምተው ደገሟት። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ዛሬም ይታየኛል።

እኔ የገባሁበት በስህተት ነው። አንድ ቀን «እቁብ ልንጀምር ነው፣ ትገቢያለሽ?» ሲሉኝ «በደስታ» አልኩ። እቁብ ከተባልኩ እሺ ማለት ልማዴ ነው፤ ሶፋ ልቀይር አስቤ ነበር። ቶርንክሊፍ ፓርክ ወዳለው አፓርታማቸው ስሄድ ደረጀ ተቀምጧል፣ ወንድወሰን የሚባል ኮምፒውተር የሚሠራ ጎረቤታቸውም አለ። ወንድወሰን «ሲሪየስሊ፣ ስፖርት ካር ፋይናንስ እናድርግ» እያለ ይከራከራል። እትዬ አስካለ «በዕዳ እየተሽከረከርኩ እንቅልፍ ልጣ?» ይሉታል። ነገሩ እስኪገባኝ ሻዬ በረደ። እቁቡ የገንዘብ አይደለም፤ የመንዳት ነው። አራታችን ተዋጥተን አንድ አሮጌ መኪና እንገዛለን፤ ባለ ዕጣው አንድ ሙሉ ቀን ይነዳል፣ ሦስቱ ጎማ ተሸካሚ ይሆናሉ።

«እኔ እኮ ሶፋ ነው የፈለግኩት» አልኩ።

«የመኪናው ወንበር ጥሩ ነው» አለ ደረጀ።

እንደ ማንኛውም እቁብ ዳኛ ተመረጠ፤ እትዬ አስካለ። ሕጉም እንደ ማንኛውም እቁብ ነው። ያልተመቸው ሰው ተራውን ከኋላው ላለው ይለቃል። ችግር የገጠመው ደግሞ ለዳኛው አመልክቶ ቀድሞ ይወስዳል። ከሱፍ ቆብ ውስጥ ዕጣ ወጣና ወንድወሰን አንደኛ፣ ደረጀ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ ሆንን። ሕልሙን ያመጡት ሴትዮ መጨረሻ ደረሳቸው። «ጥሩ ነው፣ እያየሁ እማራለሁ» አሉ። መኪናው ደረጀ ያገኘው ማርሹ በእጅ የሚቀየር አሮጌ የጃፓን መኪና ነበር፤ ቀለሙ ከፀሐይ ብዛት ምን እንደነበር አይታወቅም።

ወንድወሰን በተራው ኮኖቹን እየረገጠ ጨረሳቸው። ደረጀ በጥቅምት ነዳ። የእኔ ተራ ሐይቁ ሲረጋ የሚደረገው የመጀመሪያው ቀን ላይ ዋለ። የእሳቸው ከዚያ ቀጥሎ ነው፣ ሐይቁ ከቆየ።

በኅዳር አንድ ጠዋት ቢሮዬ ገብተው የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ልጆቹን ገና አውርደው መመለሳቸው ነበር። «ከግራ ብስክሌት መጣ። አልነካሁትም። ግን አላየሁትም ነበር» አሉኝ።

«እትዬ፣ ማንም ሊያመልጠው ይችላል…»

«ልጆቹ የሰው ናቸው ሮማን» ብለው ወጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሐኪም ሳያያቸው። ሐኪሙ በኋላ ግላኮማ ነው አለ። ዳር ዳሩ ተዘግቶ መሃሉ ነበር የቀራቸው፤ እሱም እየጠበበ ነው። አውቶቡስ ቀርቷል። ለትንሿ መኪና ፈቃዳቸው ከጥምቀት በኋላ የዓይን ፈተና ተቀጠረላቸው፤ እስከዚያ በቀን መንዳት ይችላሉ። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ግን ሐኪሙ አልደበቃቸውም። የእሳቸው ዕጣ ደግሞ ከፈተናው በኋላ ነው።

«በቃ፣ የኔን ተራ ይውሰዱ» አልኳቸው። «ችግር የገጠመው ይቀድማል ብለው ሕጉን ያወጡት እርስዎ አይደሉም?»

«ዳኛ ሆኜ ለራሴ ልፍረድ?» አሉኝ። «በሐዘኔታ የመጣ ዕጣ አልወስድም። ለደረጀም ለወንድወሰንም ትንፍሽ እንዳትዪ።» ቁጣቸውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ትንፍሽ አላልኩም፤ ግን አንድ ተንኮል አሰብኩ። በረዶው ላይ ስንደርስ ፈራሁ እላለሁ፤ ያልተመቸው ለቀጣዩ ይለቃል፤ ቀጣይዋ እሳቸው ናቸው። ሐዘኔታ የሚባል ነገር የለበትም።

ያን ዓመት ብርዱ ዘገየ። ቶሮንቶ ሰው ሁሉ «ደስ የሚል ዊንተር» ይላል፣ እኛ ሁለታችን ፀሐይዋን እንረግማለን። ሾፌሮች በረዶ የለም ብለው ሲደሰቱ እኔ በልቤ እነጫነጫለሁ። በየሳምንቱ በረዶው ላይ የሚያስነዳውን የመኪና ክበብ ኮል አደርጋለሁ፣ ገና አልጠነከረም ይሉኛል። በመጨረሻ የዓይን ፈተናው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሐይቁ ጠነከረ፤ ቅዳሜ ኑ ተባልን።

ጠዋት ቶርንክሊፍ ስንደርስ እትዬ አስካለን አላወቅኳቸውም። ሹሩባቸውን ፈተውታል። «ለሮማን ይሆናት እንደሆነ ልይ ብዬ ሄልሜቱን ሞክሬው ነበር፤ በሹሩባ አይገባም» አሉ፤ መንዳት መፈለጋቸውን አይናገሩት እንጂ ፀጉራቸው ተናገረባቸው። በእጃቸው ፌስታሉና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል አለ። ወደ ሰሜን ስንነዳ ከተማው፣ ፎቆቹ፣ መንገዱ፣ አንድ በአንድ ከኋላችን ቀሩ። ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ሆኑ። እንዲሁ በነጭ ውስጥ ተንሳፍፈን የምንሄድ ይመስለኝ ነበር።

ሐይቁ ጋ እንደደረስን እሳቸው በስመ አብ ብለው መኪናውን ዙሪያውን ጸበል ረጩት። በተለይ የሾፌሩን በር። በዚያ ብርድ! ደረጀ «እትዬ ቆይ…» ሲል ውኃው ቀድሞት በረዶ ሆነ። በሩ እንቢ አለ፣ ቁልፉም እንቢ አለ። ፈረንጆቹ ከየመኪናቸው ወጥተው ያዩናል። ወንድወሰን እየሳቀ «ጸበሉ ሠርቷል፤ ሰይጣንም አይገባም፣ እኛም አንገባም» አለ። በመጨረሻ እኔ በተሳፋሪው በር ገብቼ፣ ማርሹን ተሻግሬ፣ ሾፌሩ ቦታ ወደቅኩ። ለጀማሪ አንድ ሰው አብሮ እንዲቀመጥ ይፈቅዳሉ፤ እትዬ አስካለ አጠገቤ ገቡ።

እንግዲህ ፈራሁ የምልበት ሰዓት ነው። አፌን ስከፍት ከፊታችን የቆመው አስጀማሪ ሰውዬ ሂጂ ብሎ ባንዲራውን አወረደው። እግሬ ደንግጦ ነዳጅ ሰጠ። መኪናው ሄደ፣ የመጀመሪያውን ኮን አለፈ፣ ሁለተኛው ላይ መሪውን ባዞር እንቢ አለኝ። ከዚያ ምድር በሙሉ ዞረች፤ ዛፎቹ፣ ሰዎቹ፣ እንደገና ዛፎቹ። ከታች ምንም ድምፅ የለም። በረዶ ክምር ውስጥ ተሰንቅረን ቆምን።

«እትዬ፣ እኔ አልችልም። ፈርቻለሁ» አልኩ።

«ውሸትሽን ነው። ሆን ብለሽ ነው።»

«ሆን ብዬ ልል አስቤ ነበር። አሁን ግን የእውነቴን ነው፤ በእመቤቴ!» እጄን ዘረጋሁላቸው። ያዙት፤ መንቀጥቀጡን በእጃቸው መዘኑት። ዳኛ ናቸው፤ ማስረጃው ቀረበላቸው። እጄን መልሰው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና «እንዲህ ከሆነ ሕጉ አለ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የቦት ጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

በረዶ ክምሩ ውስጥ ስላለን ሰዎች መጥተው ገፉን። ቦታ ስንቀያየር ሁለት ሄልሜት ያጠለቁ ሴቶች በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ያየነውን መከራ አላወራም። እሳቸው ሸራ ጫማቸውን አድርገው መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፤ መስተዋቱን አስተካከሉ። «ይታይዎታል?» አልኳቸው በፍርሃት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሌላ ማንም መስመሩ ላይ አልነበረም።

«ኮኖቹ ይታዩኛል» አሉ። «ደግሞ እወቂው፣ ከኅዳር ወዲህ ዛሬ ብቻ ነው ምንም ያልጎደለኝ። ከተማ ውስጥ ዳሩን እፈልገዋለሁ፣ የለም። እዚህ ዳር የለም። ላንቺም የለም።»

ሄድን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አልጮኸም፣ አልነጠረም። መኪናው ኮኖቹን እየታከከ፣ በጎኑ እየተንሸራተተ፣ እየተመለሰ ሄደ። እግራቸውን አየሁት፤ ነዳጁን የሚረግጠው ሳይሆን የሚዳስሰው ይመስላል። ከመስኮቱ ውጭ የበረዶ ብናኝ ይነሳና ፀሐይ ስትመታው ያበራል። እትዬ አስካለ በለሆሳስ ያንጎራጉራሉ። ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ቀኑ እንዳያልቅ ብቻ ነበር የምመኘው። መጨረሻውን መስመር አልፈን እንኳ አላቆሙም፤ ሰውዬው ባንዲራውን እያወዛወዘ ቀረ፣ እኛ ወደ ባዶው ነጭ ሄድን። «እትዬ፣ አለቀ እኮ» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ፤ ቀስ ብለው አዙረው ተመለሱ።

እስኪመሽ ድረስ ተራ በመጣ ቁጥር ነዱ። ወንድወሰን የተያዘላቸውን ሰዓት አይቶ «ኖ ዌይ፣ እሳቸው ከእኔ ይበልጣሉ» ሲል፣ ደረጀ እንባውን በዚያ በጋራዡ ጨርቁ ጠረገና ፊቱ ግሪስ ሆነ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም፤ ግን እሱ መካኒክ ነው፣ መስተዋቱን ሲያስተካክሉ አንገታቸውን እንዴት እንደሚያዞሩ አይቷል።

የዓይኑን ፈተና ወደቁ። ፈቃዳቸውን ራሳቸው ወስደው አስረከቡ። እቁቡ ግን አልፈረሰም። አንደኛው ዙር አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር ወንድወሰን እየፈራ «እትዬን እንዴት እናድርግ?» አለ። «ምን ታደርጉኛላችሁ? ከፍያለሁ፣ ዕጣዬ ይወጣል» አሉት። ወጣም። በሁለተኛው ዊንተር፣ እዚያው ሐይቅ ላይ። ያኔ መሃሉም ጠፍቶ ነበር፤ የሚታያቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። የደረሳቸውን ቀን ማን እንደሚነዳላቸው የመምረጥ መብት ነበራቸውና እኔን መረጡኝ። ደረጀ እያለ!

ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው፣ መስኮቱን በትንሹ ከፍተው፣ ጎማውን አዳመጡ። «አሁን ልቀቂ… አሁን ንኪው… ተይ፣ ራሱ ይመለሳል» ይሉኛል። ራሱ ይመለሳል። ኮን አልጣልኩም፣ አልዞርኩም። ሁሉም ጨርሶ ሰዎች ኮኖቹን መሰብሰብ ሲጀምሩ ሐይቁ መሃል አቆምኩና «የዛሬው ዕጣ የእርስዎ ነው፤ የነዱትም እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«አታባብዪኝ» አሉ። ሄልሜቱን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «የነዳሽው አንቺ ነሽ። ደስ ብሎኛል። ግን መሪው ናፍቆኛል ሮማን። በጣም ናፍቆኛል።» እኒያን ሴትዮ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ወርጄ ባንዲራ የያዘውን ሰውዬ ሄጄ ለመንኩት። ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ባዶው ሐይቅ አየ፣ ቀስ ብላችሁ ብሎ በእጁ ፈቀደልኝ። ተመልሼ ገባሁና ግራ እጃቸውን ይዤ መሪው ላይ አደረግኩት። ጣቶቻቸው ጨበጡት። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። እግሩ የእኔ፣ እጁ የእሳቸው ሆኖ መኪናው ተንቀሳቀሰ።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው «የት ላድርስሽ?» አሉኝ።

«ቀጥ ብለው ይሂዱ» አልኳቸው። «ከፊታችን ማንም የለም።»